የቤዝቦል መጻሕፍትና የግራዝማች ልጅ

በዚያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በሜዳው የነበሩት እነዚህ ናቸው። የጤና ኮሌጁ አሜሪካዊ መምህር ሚስተር ሃሪስ ከመካከል፣ በአካፋ በተከመረች የአፈር ጉብታ ላይ ቆመዋል፤ ከሁለቱም ቡድን ደህና አድርጎ የሚወረውር ስላልተገኘ ለሁለቱም የሚወረውሩት እሳቸው ናቸው። ወንድሜ ታደሰ፣ የሆስፒታሉ ድሬሰር፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኮርቻ ሰፊ የሠራለትን የቆዳ ጓንት ዘርግቷል። ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ሦስት ጆንያዎች በሜዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቤዝ የሚባሉት እነሱ ናቸው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጆንያ መካከል ደሳለኝ አድማሱ ቆሟል፤ ያኔ እጮኛዬ ነበር። ሚሲስ ሃሪስ በሚታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ከአጠገባቸው በርጩማ ላይ ነኝ፤ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ የጨዋታውን መዝገብ በጉልበቴ ላይ ዘርግቼ። የአዲስ ዓለም ሰፈሩ የጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ኑሩ ጥቁር ጥላቸውን ይዘው ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን ሳያወርዱ ያያሉ። የደሳለኝ አባት ግራዝማች አድማሱ ገና አልመጡም። ሲመጡ በቅሏቸውን ያቆሙት ከጥዱ ሥር ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የአንድ ሐኪም ቆብ ነው። ባለፈው ወር ለዓይኔ ወደ ሆስፒታል ሄጄ ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ስጠብቅ ዋልሁ። በመጨረሻ ተራዬ ደርሶ ስገባ ወጣቱ ሐኪም በግንባሩ ላይ አንድ የላቲን ፊደል የተጠለፈበት ሰማያዊ ቆብ አድርጓል። ፊደሉን ከነአጠላለፉ አወቅሁት፤ ዓይኔ ሌላውን ሁሉ ማየት ቢያቅተው እሱን አላቃተውም።

«የማን ቡድን ነው?» አልሁት።

«ምኑ፣ እማማ?»

«ቆቡ።»

አውልቆ አየው። «እኔ እንጃ፤ ለፀሐይ ነው የገዛሁት። ቡድን አለው እንዴ?»

«አለው።»

«ኳስ ያያሉ ማለት ነው!» ብሎ ሳቀና ነርሷን ጠራት። «ነይ ስሚ፣ እማማ ኳስ ተመልካች ናቸው።»

ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የቀረውን አንብቤ ነው የማውቀው ብዬው ቢሆን ኖሮ ዓይኔን ትቶ ጭንቅላቴን ይመረምር ነበር። ጠብታውን ሰጠኝ፤ ይዤ ወጣሁ። ከሆስፒታሉ በታች የነበረው ሜዳ ዛሬ የቆርቆሮ አጥርና ፎቅ ነው። በአጥሩ ጥግ ጥጌን ይዤ ወርጄ አንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥሁ። ሦስተኛው ጆንያ የት እንደነበረ ለመገመት ሞከርሁ። አልቻልሁም።

ዓመቱን በትክክል አልናገርም። ጣሊያን ከወጣ ቆይቷል፤ የሠራቸው ቤቶች ግን ቀለማቸው ገና አለ። ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ስሙኒ ነበር። እርሳስ አሥር ሳንቲም፣ ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው አሥራ አምስት። ወደ አዘዞ በጋሪ ሽልንግ ይበቃል፤ በማኪና የሚሄድ ሰው ግን ቀድሞ ሸሚዙን ያስተኩሳል። የኮሌጁ ወንዶች ካኪ ሱሪና ሸራ ጫማ ነበራቸው፤ ጫማውን ቅዳሜ በነጭ ጠመኔ ይቀቡትና ሰኞ ዝናብ ያጥበዋል። እኛ የትምህርት ቤቱ ሴቶች ሰማያዊ ቀሚስ፣ ከላይ ነጠላ። ከሲኒማው ማዶ ያለው ቡና ቤት ሬዲዮውን ወደ መንገዱ አዙሮ ስለሚያስቀምጥ የክራር ዘፈን በመጣ ቁጥር በዚያ ጥግ የሚያልፍ ሰው እርምጃው ይቀንስ ነበር። እኔም እቀንስ ነበር፤ ሰው እንዳያውቅብኝ ጫማዬን እያስተካከልሁ። አሁን በዚያ ጥግ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ ሙዚቃውም ከአራት ሱቅ ባንድ ጊዜ ስለሚመጣ የሚቆምለት የለም።

አባቴ የሞተው ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ ኮሶዬ አጠገብ በእርሻው ላይ ቀረች። ወንድሜን አያ ታደሰ ነው የምለው፤ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ወደ ከተማ አምጥቶ ከአራዳ በታች በተከራያት አንዲት ክፍል፣ መሀሏን በመጋረጃ ከፍሎ አስተማረኝ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ የግራዝማች አድማሱ ሽማግሌዎች መጡ። አያ ታደሰ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ይጠበቅ። ከዚያ በፊት የመጡ ሌሎች ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ሄደዋል። ደሳለኝ ግን ራሱም በኮሌጁ የጤና ተማሪ ነበርና እጠብቃለሁ አለ፤ አባቱም ተስማሙ። ስለዚህ ትምህርቴ ጸንቶ የቆመው በዚያ እጮኝነት ላይ ነበር። እጮኝነቷ የፈረሰባት ልጅ በከተማ ተቀምጣ ትምህርት ቤት ብትመላለስ ወሬው ወንድሟን ያስቀምጠዋል? ኮሶዬ እመለሳለሁ። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ መንገርም አላስፈለገም። ስለ ደሳለኝ፣ ደህና ሰው ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ወደ ሚሲስ ሃሪስ ቤት የወሰደኝም አያ ታደሰ ነው። ሴትዮዋ አማርኛ መማር ፈለጉ፤ እኔ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ላስተምራቸው፣ በዋጋው ፈንታ መጽሐፍ ሊያውሱኝ ተስማማን። መጻሕፍቱ የነበሩት ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የላይኛው መደርደሪያ የሕክምና ነበር፤ መካከለኛው ልብ ወለድና የምግብ አሠራር፤ ታችኛው የሚስተር ሃሪስ የቤዝቦል መጻሕፍት። «የላይኞቹን ሁለቱን ሰው ይጠይቀኛል፤ የታችኛውን ማንም አይነካውም፤ ወደ ቤትሽ መውሰድ የምትችዪው ከእሱ ነው» አሉኝ። የቤዝቦልን ነገር ያወቅሁት በዚህ ምክንያት ነው። የታችኛው መደርደሪያ የንብ እርባታ ቢሆን ኖሮ ንብ አውቅ ነበር።

መጀመሪያ ያነበብሁት ቀጭን የልጆች መጽሐፍ ነው፤ በየገጹ ሥዕል አለው። ዘጠኝ ሰው ከዘጠኝ ሰው ጋር እንደሚጫወት፣ መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ እንደሚወጣ፣ ከመታ በየቤዙ እየረገጠ ዞሮ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ አንድ ነጥብ እንደሚቆጠርለት ከእሱ ተማርሁ። ቀጥሎ ደንቡን ወሰድሁ። ዳዊት የምታህል፣ በኪስ የምትገባ መጽሐፍ ናት፤ በምዕራፍና በቁጥር የተከፋፈለች። ከመጋረጃው ወዲህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳነብ አያ ታደሰ ጸሎት መስሎት እንግዳ ሲመጣ «ቀስ በሉ፣ ዳዊት እየደገመች ነው» ይል ነበር። አላረምሁትም። ሦስተኛዋ ስለ ውጤት አጻጻፍ የምትናገር ነበረች። እያንዳንዱ ተጫዋች በቆመበት ቦታ ቁጥር አለው፤ ለሆነው ነገር ሁሉ ምልክት አለው፤ የአንድ ሙሉ ከሰዓት ጨዋታ፣ ማን መታ፣ ማን ያዘ፣ ማን ሳተ፣ በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራል። ገጹን ያየ ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላም ኳሷ የት እንደሄደች ያውቃል። ያቺን መጽሐፍ አራት ጊዜ ተውሻታለሁ።

አራተኛው እንደ ስንክሳር የወፈረ ነው፤ ሐተታ የለውም፤ ስምና ቁጥር ብቻ። ብዙዎቹ የሞቱ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ምን ይነበባል ብዬ መልሼው ነበር፤ ሌሎቹን ከጨረስሁ በኋላ ግን እያንዳንዱ መስመር የአንድ ሰው ዕድሜ እንደሆነ ገባኝ፤ በሃያ ዓመቱ የሚጀምር፣ በሠላሳዎቹ ቁጥሩ የሚያንስ፣ ከዚያ የሚያልቅ። ከመጻሕፍቱ ሌላ ጋዜጣ ነበር። ከአገራቸው በምጽዋ በኩል በሚመጣላቸው ሣጥን ውስጥ ብርጭቆው የሚጠቀለለው በጋዜጣ ነው፤ ሚሲስ ሃሪስ ብርጭቆውን ሲያወጡ እኔ ጋዜጣውን በመዳፌ አለሰልሰዋለሁ። የጨዋታ ውጤት ከታች ጥግ ላይ፣ በጣም በደቀቀ ፊደል ይታተማል። ሁለት ወር አልፎታል፤ ለእኔ ግን ገና ነው። ከዚያች ጥግ ተነሥቼ ጨዋታውን በራሴ ደብተር መልሼ እሠራው ነበር። ከማስቲካ ጋር የሚመጡ የተጫዋች ሥዕል ያለባቸው ካርቶኖችም ነበሩ፤ ሚሲስ ሃሪስ የምግብ አሠራር መጽሐፋቸውን ገጽ ያመለክቱባቸዋል። ያንን ቆብ የማውቀው ከአንዱ ነው፤ የሽንኩርት ወጥ ገጽ ላይ ነበር።

ይህን ጨዋታ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ ማን እንደሚፈልግ ባላውቅም፣ ከቀጭኑ ይጀምር እላለሁ። ወፍራሙን ለመጨረሻ ያቆየው። ጋዜጣ ካገኘ አይናቅ። ደንቡን ሁለት ጊዜ ያንብብ፤ አንድ ጊዜ ጨዋታውን ሳያይ፣ አንድ ጊዜ ካየ በኋላ። እኔ በመጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቤ በቃኝ ያልሁት ሌላው መጽሐፍ አላልቅ ብሎኝ ነው። በኋላ በሌላ ከተማ፣ ከእኩዮቼ አምስት ዓመት ዘግይቼ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስፈተን የእንግሊዝኛው ወረቀት ቀሎኝ ነበር። መምህሩ ከየት ተማርሽው ሲሉኝ ከመጽሐፍ አልሁ። የትኛው መጽሐፍ አላሉም።

እንዲህ አድርጌ አንድ ዓመት አነበብሁ፤ አንድም ኳስ ስትወረወር አላየሁም። ከዚያ ሚስተር ሃሪስ ተማሪዎቹን ሊያጫውቱ ተነሡ። ስድስት ኳስ ከአገራቸው መጣላቸው። ዱላውን መጀመሪያ ከወይራ አስጠረቡት፤ አንድ ቀን የመታበት ሁሉ እጁን ይዞ ሲያሽ ዋለ። ቀጥሎ አንድ የአዲስ ዓለም አናጢ ከዋንዛ ጠረበው፤ ቀለለ። ጓንቱን ኮርቻ ሰፊው ሠራው። አሮጌ ወንዶች ዱላና ኳስ አይተው «ይህማ የገና ጨዋታ ነው፤ ምነው አሜሪካ ድረስ ሄዳችሁ?» ይሉ ነበር። ገናማ አልነበረም። በገና ሜዳ ስድቡም ምቱም ከሜዳው ጋር ይቀራል፤ የሚጽፈው ሰው የለም።

የጨዋታው ጸሐፊ እኔ እንደሆንሁ ሚሲስ ሃሪስ ሲናገሩ ተማሪዎቹ ሳቁ። «ሴት ልትጽፍብን ነው?» አለ አንዱ። «በቀሚስ ዳኛ!» አለ ሌላው። ሚስተር ሃሪስ ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ሦስቱንም መለስሁ። አራተኛውን ሲጠይቁ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው አልኋቸው። ከዚያ የሳቀ የለም።

ችግሩ ሌላ ነበር። በእኛ ወግ የታጨች ልጅ እጮኛዋን በሰው ፊት ትኩር ብላ አታይም፤ አማቿን ደግሞ ካየች ትሸፈናለች። የጸሐፊ ሥራ ግን ማየት ነው። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ አድርጌ ዓይኔን ብቻ ተውሁት። ከገበያ የተመለሱት ሴቶች ወዲያው ነቁብኝ።

«እቺ ልጅ እያየችው ነው!»

«ጽፋ እየጨረሰችው ነው እንጂ።»

«እኔስ ባሌን እንዲህ አይቼው ቢሆን አላገባውም ነበር።»

በሦስተኛው ዙር አንዱ መቺ ኳሷን በመሬት ሰደዳት። ወደ ደሳለኝ ቀጥ ብላ ሄደች። እሱም ጎንበስ ብሎ ጠበቃት። ሁለት ክንድ ያህል ሲቀራት ድንገት ወደ ላይ ተነሥታ በትከሻው አለፈች፤ መቺውም ቤዙ ላይ ደረሰ። እንዲህ ያለውን ደንቡ ለጸሐፊ ይተወዋል። ሰውየው በተለመደ ጥረት ሊይዛት ይችል ነበር ካለ በስሙ ስህተት ይጽፍበታል፤ አይችልም ነበር ካለ ለመቺው ምት ይቆጥርለታል። ቀጥ ብላ የሄደችለት ኳስ ናት። ስህተት ብዬ ጻፍሁ።

በስድስተኛው ዙር ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ እያሉ ኳሷ ወደ ሰማይ ወጣች። በጣም ከፍ አለች፤ ሰው ሁሉ አንጋጠጠ። ደሳለኝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ከሥሯ ቆመ፤ ጓንቱን አነሣ። ከቀጭኑ መጽሐፍ ሥዕል ጋር አንድ ነበር። በዚያው ጊዜ ግራዝማች አድማሱ በበቅሏቸው ላይ ሆነው ከጥዱ ሥር ደረሱ። የተቀመጠው ተነሣ። ሐጂ ኑሩ ጥላቸውን አጠፉ። ደሳለኝም ጓንቱን አወረደ፤ ወደ አባቱ ዞሮ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ኳሷ ከእግሩ አጠገብ ወደቀች። ሁለቱ ሯጮች ገቡ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለግራዝማች ይሁን ለሯጮቹ አልገባኝም። እኔም ከሰው ጋር ተነሥቻለሁ፤ ዓይኔ ግን ኳሷ ላይ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥሁና በደሳለኝ ስም ሁለተኛ ስህተት ጻፍሁ። የእነ ደሳለኝ ቡድን በአንድ ነጥብ ተሸነፈ።

ሚሲስ ሃሪስ ውጤቱ በአማርኛ ተገልብጦ እንዲለጠፍ ፈለጉ። በሰፊ ወረቀት ላይ ስም፣ ምት፣ ሩጫ፣ ስህተት ብዬ አራት ዓምድ አሰመርሁ፤ ሰኞ ጠዋት በኮሌጁ በር ተለጠፈ። በጋዜጣ ሁልጊዜ የማየው እንደዚያ ነው፤ በዚያ አገር የተሳሳተ ሰው ስሙ ታትሞ በማግሥቱ ተመልሶ ይጫወታል። ሌላ አላሰብሁም። ተማሪዎቹ ደሳለኝን ባዩት ቁጥር ሁለት ጣት ያሳዩት ጀመር። ረቡዕ ዕለት ግራዝማች ጸሐፊያቸውን ልከው ወረቀቱን ቃል በቃል አስገለበጡት። እኒህ ሰው በጠዳ ባላቸው መሬት ምክንያት ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት የጨረሱ ናቸው። የሰው ስም ከጥፋቱ ጋር በወረቀት ከሰፈረ ምን እንደሚያስከትል ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ኑሩ ቤታችን መጡ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርሁ።

«ታደሰ፣ ግራዝማች ተቀይመዋል» አሉ። «ልጄ ለአባቱ እጅ ስለነሣ ስህተተኛ ተብሎ በአደባባይ ተለጠፈ ይላሉ።»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ ሐጂ።»

«ጨዋታ ከሆነ ምነው ተጻፈ? በልጅነቴ በገና የስንቱ ቅልጥም ሲሰበር አይቻለሁ፤ ወረቀት ላይ ያየሁት የለም።»

«ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

«ይፋቅ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ሱቅ ጓሮ እንቀመጣለን። ልጅቱ መዝገቡን ይዛ ትምጣ፤ በፊታቸው ትፋቀው፤ ነገሩ ያልቃል። ካልሆነ ግን ዝምድናው እዚህ ላይ ይቁም ብለዋል። እኔ መልእክተኛ ነኝ፣ አትቆጣኝ።»

ሐጂ ከሄዱ በኋላ አያ ታደሰ መጋረጃውን ገለጠ።

«ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ላጲስ አለሽ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ምን ያስቸግራል?»

«ወድቃለች፣ አያ ታደሰ።»

«ማን?»

«ኳሷ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «መውደቋን እኔም አይቻለሁ» አለ። «ኮሶዬ ግን ዐሥራ አንደኛ ክፍል የለም።»

ዓርብ ወደ ሚስተር ሃሪስ ሄጄ ነገሩን ነገርኋቸው። ሳቁ፤ ደግ ሰው ነበሩ። «ትርንጎ፣ ይህ እኮ ጨዋታ ነው፤ ፋቂው። ከፈለግሽ በእኔ ስም ጻፊው» አሉ። ሚሲስ ሃሪስ ቀና ብለው አዩኝና ወደሚሠሩት ሹራብ ተመለሱ። ዓመቱን ሙሉ ያነበብሁት የሚስተር ሃሪስን መጻሕፍት ነው። ከቤታቸው ስወጣ መንገዱ ከወትሮው ረዘመብኝ።

ደሳለኝ በፖስታ ቤቱ ግንብ ጥግ ቆሞ ጠበቀኝ። ብቻችንን ስንነጋገር ያ የመጀመሪያችን ነበር።

«ሁለት ጽፈሽብኛል አሉ።»

«ጽፌብሃለሁ።»

«ጽሑፍሽ ሸጋ ነው ይላሉ። እሱንም አብሬ ልቀየም?» ብሎ ሳቀ። እኔ ስላልሳቅሁ ተወው። «ኳሷን ብይዝ፣ አባቴን ቆሜ ባያቸው፣ ምን ይሉኝ ነበር?»

«አላውቅም። እኔ የምጽፈው ኳሷን ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ? አባቴ ናቸው።»

«እሑድ ቢጠይቁህ ያየኸውን ተናገር። ሌላ አልፈልግም።»

እሺ አለ። እሺ ማለቱን ሰምቼአለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደንቡን ለሁለተኛ ጊዜ አነበብሁ። የፈለግሁት እሑድ የምናገረውን ማጽኛ ነበር፤ ያገኘሁት ሌላ ነው። በመሬት የምትሄድ ኳስ ከድንጋይ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ተጋጭታ አቅጣጫዋን ከለወጠች ያመለጠችው ሰው ስህተት የለበትም፤ ለመቺው ምት ይቆጠራል። ይህን መስመር ከዓመት በፊት አንብቤዋለሁ፤ ያኔ ኳስ ስትነጥር አላየሁም ነበርና አልፌዋለሁ። ወደ ሜዳው ሄድሁ። ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ በጠበቀበት ቦታ ሁለት ክንድ ቀደም ብሎ፣ ከሣሩ ሥር፣ ጫፏ ብቻ የወጣች ጥቁር ድንጋይ አለች። በእግሬ ነካኋት፤ አልተነቃነቀችም። የመጀመሪያው ስህተት የእሱ አልነበረም። የእኔ ነበር።

ያን ቀን እንደደከመኝ ደክሞኝ አያውቅም። ባልፈቀው ሐሰት ነው። ብፈቀው ግራዝማች ባሉ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ስለ ድንጋዩ ነው ብል ማን ያምናል? የሰውን ስም በወረቀት አስፍሬ ሳምንት ሙሉ ሁለት ጣት አስቀስሬበታለሁ፤ አንዱ ጣት በሐሰት ነው። እቤት ገብቼ ላጲሱን አነሣሁ። ወረቀቱ እስኪሳሳ ፋቅሁትና በቦታው ምት ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሁለተኛውን አየሁት። ላጲሱ ገና በእጄ ነበር። ለእሱ የሚሆን መስመር በደንቡ ውስጥ ፈለግሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ፈለግሁ። የለም።

እሑድ በሐጂ ኑሩ ሱቅ ጓሮ ግራዝማች በወንበር ተቀምጠዋል። በቀኛቸው የነፍስ አባታቸው ቄሱ፣ በግራቸው ሐጂ። ደሳለኝ ከአባቱ ጀርባ ቆሟል። አያ ታደሰ በሩ አጠገብ ነው። በመካከል ባለች በርጩማ ላይ ሐጂ ከሱቃቸው አዲስ ላጲስ አውጥተው፣ ከነልባሱ፣ አስቀምጠዋል። እኔ ተከናንቤ መዝገቡን ገልጬ ይዤ ቆምሁ።

«ልጄ» አሉ ግራዝማች፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። «ልጅ ነሽ፤ አልፈርድብሽም። ፋቂውና እንርሳው።»

«አንዱን ፍቄዋለሁ» አልሁ።

አያ ታደሰ ሲተነፍስ ሰማሁት።

«የቱን?» አሉ ቄሱ።

«የሦስተኛውን ዙር። ኳሷን ድንጋይ መትቷት ነው የዘለለችው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደንቡን በደንብ አላነበብሁም ነበር። ነገ በኮሌጁ በር ላይ አስተካክዬ እለጥፈዋለሁ።»

«ሸጋ!» አሉ ሐጂ፤ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «ሁለተኛውንስ?»

«እሱ አለ።»

ግራዝማች ቀና ብለው አዩኝ። «ለአባቱ እጅ መንሣቱ ስህተት ነው ትያለሽ?»

«አይደለም፣ ግራዝማች። እጅ መንሣቱን አልጻፍሁም። የጻፍሁት ኳሷ መውደቋን ነው።»

«እጅ ሲነሣ አይደለም የወደቀችው?»

«አዎን። ግን ትያዝ ነበር።»

«ልጄ» አሉ ሐጂ፣ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «አንዱን ከፋቅሽ ሌላው ምን አለው? ላጲሱ ያው ነው፤ አዲስ ነው፣ ከእኔ ነው፣ አልቆጥርብሽም።»

ቄሱ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ግራዝማች ግን አልሳቁም። ወደ ኋላ ሳይዞሩ ልጃቸውን ጠየቁት።

«አንተስ? ትይዛት ነበር?»

ደሳለኝ መሬቱን አየ። ከሱቁ በኩል አንድ ሰው ጨርቅ እየለካ ክንድ ሲቆጥር ይሰማል፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ሰባት ላይ ቆመ፤ ጨርቁ ተቀደደ። ደሳለኝ ገና መሬቱን ያያል።

«አባቴ እንዳሉ ነው» አለ።

ግራዝማች እጃቸውን ወደ ላጲሱ ዘረጉ፤ አላነሡትም፤ አሳዩኝ እንጂ። አያ ታደሰ ከበሩ ሆኖ «ትርንጎ» አለኝ። ስሜን ብቻ ነው የጠራው።

ላጲሱን ሳልነካ መዝገቡን ከደንሁት። ነጠላዬን አስተካከልሁና በሱቁ በኩል ወጣሁ።